የአዋሹ መንቀጥቀጥ ወደ ጣና እየመጣ ነውን? ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌና በአካባቢው ለወራት ከቀጠለው የመሬት መንቀጥቀጥ ጋር በተያያዘ፣ በባሕር ዳር ከእጅ ወደ እጅ የተዘዋወረ አንድ ጽሑፍ ብዙ ሰው አንብቦታል፤ ብዙ ሰውም ተጨንቆበታል። ጽሑፉ የሚለው ባጭሩ ይህ ነው፦ በፈንታሌ የተከፈተው ስንጥቅ ጉዞ ላይ ነው፤ ቀጣዩ መንገዱ የዓባይ ሸለቆ፣ መድረሻውም ጣና ነው። ጣና የጥንት እሳተ ገሞራ አፍ በመሆኑ ስንጥቁ ሲደርስ እንደገና ይከፈታል፤ ሐይቁ ከዚህ በፊትም በስንጥቅ ተውጦ ያውቃል። በፎገራና በባሕር ዳር ዙሪያ የታዩት የመሬት መሰነጣጠቆችና የዋንዛዬ ፍል ውሃ የዚህ ምልክቶች ናቸው። የመንቀጥቀጡ መነሻ የታላቁ የሕዳሴ ግድብ የውሃ ክብደት ነው፤ በአዋሽ ግን ትናንሾቹ ንዝረቶች ኃይሉን ስላወጡት ከእንግዲህ የሚያሰጋ የለም። በመጨረሻም ጽሑፉ የሐይቁ ዳር ነዋሪዎች ቤታቸውን ሸጠው እንዲርቁ ይመክራል፤ ስለ ሕንፃ አሠራርም አንድ አጭር አንቀጽ ጨምሯል።

ጸሐፊው ይህን የጻፉት ሰውን ለማስጠንቀቅ አስበው እንደሆነ አልጠራጠርም፤ ከጠቀሷቸው ነገሮች መካከልም እውነት የሆኑ አሉ። ችግሩ እውነቶቹ በተያያዙበት መንገድ ላይ ነው። የመሬት መንቀጥቀጥ በተከታታይ የሚከሠተው በአንድ የስብራት ሥርዓት ውስጥ፣ ያን ሥርዓት በሚያንቀሳቅሰው ኃይል፣ ሥርዓቱ በሚፈቅደው አቅጣጫ ነው። ጽሑፉ ግን የስምጥ ሸለቆውን፣ የዓባይን ሸለቆና የጣናን ተፋሰስ እንደ አንድ ስንጥቅ ቆጥሯቸዋል። አፈጣጠራቸው፣ ዕድሜያቸውና ዛሬ ያሉበት ሁኔታ ግን የተለያየ ነው።

መጀመሪያ «ስንጥቁ እየተጓዘ ነው» የሚለውን እንመልከት። በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች መካከል አንድ ነገር በእርግጥ ተጉዟል፤ እርሱም ማግማ ነው። ከፈንታሌ ሥር የተነሣው ቅልጥ አለት በቀጥታ ወደ ላይ ከመውጣት ይልቅ፣ ከመሬት በታች እንደቆመ ቀጭን ግድግዳ ሆኖ ወደ ጎን፣ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ተዘረጋ። ጂኦሎጂስቶች ይህን ዳይክ ይሉታል። ማግማው ከፊቱ ያለውን አለት እየከፈተ ሲገፋ ጫፉ ላይ ያለው አለት ይሰበራል፤ ከበላዩ ያለው መሬት ደግሞ ግራና ቀኝ ስለሚጎተት ቀድሞ የነበሩት የስብራት መስመሮች፣ ማለትም ፎልቶች፣ ይንሸራተታሉ፤ በመካከላቸው ያለውም መሬት ዝቅ ይላል። ለወራት የተሰሙት ንዝረቶች ከዚህ የመጡ ናቸው። ታኅሣሥ 25 ቀን 2017 ዓ.ም. በዶፈን አካባቢ እንፋሎትና አቧራ በኃይል ከመሬት ወጣ፤ በማግሥቱ ሌሊት በሬክተር መለኪያ 5.7 ገደማ የሆነ መንቀጥቀጥ ተከተለ፤ የካቲት 7 ቀን ደግሞ 6.0 የሆነው ደረሰ። በብዙ አሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ተነሥተዋል። ጸሐፊው የዚህን መከራ ክብደት ባያቃልሉም፣ አቅጣጫውን ግን ስተዋል።

አቅጣጫውን የሚወስነው የመሬቱ አጎታተት ነው። ንጣፍ ከሚባሉት ታላላቅ የምድር ቅርፊት ክፍሎች ሁለቱ፣ በምዕራብ ያለው የኑቢያ ንጣፍና በምሥራቅ ያለው የሶማሊያ ንጣፍ፣ በዋናው የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ በኩል በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ፤ መራራቁም ወደ ምሥራቅና ምዕራብ ያደላ ነው። አለት የሚከፈተው ከሚጎተትበት አቅጣጫ ጋር ቀጤ ነክ በሆነ መስመር ስለሆነ፣ በስምጥ ሸለቆው ወለል ላይ የሚሄደው የወንጂ የፎልት ቀበቶ ስንጥቆችም ሆኑ የፈንታሌው ዳይክ ከደቡብ ደቡብ ምዕራብ ወደ ሰሜን ሰሜን ምሥራቅ ይሰለፋሉ። እንጨት ሲፈለጥ ወደ ቁመቱ እንጂ አግድም እንደማይከፈት ሁሉ፣ ይህም ስንጥቅ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ማለትም ወደ መጎተቻው አቅጣጫ ሊታጠፍ አይችልም። ባሕር ዳር ከፈንታሌ በሰሜን ምዕራብ በቀጥታ መስመር 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ በመካከል ያለውም የሰሜን ምዕራቡ ደጋ ነው፤ የመሬት ቅርፊቱ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው፣ እንደ አፋር ተጎትቶ ያልሳሳ መሬት።

የዚህ ሥርዓት ጠባይ ከአፋር ራሱ ይታያል። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በዳባሁና በማንዳ ሐራሮ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ዳይክ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ገባ፤ መሬቱም በሰፊው ቦታ እስከ 8 ሜትር ተከፈተ። እስከ 2002 ዓ.ም. ድረስ ሌሎች 13 ዳይኮች ተከታትለው ገብተዋል። ሁሉም ያንኑ የስምጥ ክፍል ተከትለው ነው የሄዱት፤ አንዱም የደጋውን ግድግዳ ጥሶ ወደ ምዕራብ አልወጣም። በጽሑፉ አባባል «ሳይንቲስቶች የሚደብቁት» ነገር ካለ ደግሞ ለመደበቅ የማይመች ነው፤ የአውሮፓ የጠፈር ድርጅት ሴንቲኔል 1 ሳተላይት የሚያነሣው ራዳር ምስል ለማንም በነፃ ክፍት ነው፤ የፈንታሌንና የዶፈንን የመሬት መከፈት ያሳዩት ካርታዎችም የተሠሩት ከዚሁ ነው። በእነዚያ ካርታዎች ላይ የሚታየው ለውጥ በሁለቱ ተራሮች መካከልና ዙሪያ የተወሰነ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። ጽሑፉ ስለ ጣና ይህን ሁሉ ሲል፣ ለክልላችን ሕዝብ እውነተኛ ታሪክ ስለሆነው ስለ ካራ ቆሬ አንድ ቃል አላነሣም። በግንቦት 1953 ዓ.ም. በአፋር ምዕራባዊ ዳርቻ፣ በካራ ቆሬ አካባቢ የተከታታይ መንቀጥቀጦች ሰንሰለት ተነሥቶ፣ ትልቁ ወደ 6.5 የተጠጋ ነበር፤ የማጀቴ ከተማ ፈረሰች፤ የካራ ቆሬ ቤቶች ክፉኛ ተጎዱ፤ ወደ ደሴ የሚወስደው ዋና መንገድ ተሰነጣጠቀ። ይህን ሰንሰለት በዘመኑ በአዲስ አበባ የጂኦፊዚክስ ታዛቢ ጣቢያውን ያቋቋሙት ፒየር ጉዋን በዝርዝር መርምረውታል። ከሸዋ ሮቢት እስከ ቆቦ ድረስ በደጋውና በአፋር መገናኛ ላይ የተደረደሩት ትናንሽ ስምጦች ዛሬም ሕያው ናቸው። መንቀጥቀጥን በተመለከተ ስለ አማራ ክልል መጻፍ የሚፈልግ ሰው ዓይኑን መጣል ያለበት እዚያ ላይ ነው፤ በከሚሴ፣ በአጣዬ፣ በኮምቦልቻና በወልድያ ያለ ወገናችን ማወቅ የሚገባው ነገር ስላለ ነው። በጣና ላይ የተነዛው ስጋት ትኩረቱን ከዚያ ማንሣቱ ያሳዝነኛል።

ጸሐፊው መንቀጥቀጥ ከቦታ ቦታ «ይዘልላል» ለማለት የቱርክን ምሳሌ አቅርበዋል። ምሳሌው ትክክል ነው። ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. 7.8 የሆነው መንቀጥቀጥ በደረሰ በ9 ሰዓት ገደማ ውስጥ፣ በሌላ ፎልት ላይ 7.5 የሆነ ሁለተኛ መንቀጥቀጥ ተከተለ። ከዚያም በፊት በሰሜን አናቶሊያ ፎልት ላይ እ.ኤ.አ. በ1939 ከኤርዚንጃን የጀመረው የትላልቅ መንቀጥቀጦች ሰንሰለት በመጠኑ እየዘለለም ቢሆን ወደ ምዕራብ አምርቶ እ.ኤ.አ. በ1999 ኢዝሚት ደርሷል። የሰንሰለቱ አሠራር ይታወቃል፤ አንድ ፎልት ሲንሸራተት በራሱ ላይ የነበረውን ጫና ሲያቀል፣ ከጫፎቹ አጠገብ ባለው አለት ላይ ግን ጫና ይጨምራል፤ ጎረቤቱ ፎልት ቀድሞውኑ ለመንሸራተት የተቃረበ ከሆነ ያቺ ጭማሪ ታስነሣዋለች።

ነገር ግን ምሳሌው የጸሐፊውን መደምደሚያ አይደግፍም። በቱርክ የሁለቱ መንቀጥቀጦች መነሻዎች 100 ኪሎ ሜትር እንኳ አይራራቁም፤ የተሰበረው መስመር ግን ከዚያ እጅግ የሚረዝም ነበር። የሚተላለፈው ጫና ከተሰበረው መስመር ርዝመት ሲያልፍ በፍጥነት ይመናመናል፤ ርቀቱ በእጥፍ ባደገ ቁጥር ጫናው ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። እንደ የካቲቱ ያለ 6.0 መንቀጥቀጥ የሚሰብረው መስመር አሥር፣ ቢበዛ አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። 400 ኪሎ ሜትር ርቆ ጣና ላይ የሚደርሰው ቋሚ ጫና ጨረቃና ፀሐይ በስበታቸው በየቀኑ በምድር ቅርፊት ላይ ከሚያሳድሩት እጅግ ያነሰ ነው። ከዚህ የተለየ አንድ መንገድ እንዳለ መናገርም ይገባል፤ የትልቅ መንቀጥቀጥ ሞገድ ራሱ ሲያልፍ በሩቅ ቦታ ጥቃቅን ንዝረቶችን ሊቀሰቅስ ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በ1992 በካሊፎርኒያ የደረሰው 7.3 መንቀጥቀጥ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በሚገኘው የሎስቶን ይህን አድርጓል። ይሁንና ያ ከየካቲቱ ወደ 90 እጥፍ የሚጠጋ ኃይል የለቀቀ ነበር፤ የቀሰቀሳቸውም ትናንሽ ንዝረቶችን እንጂ ከተማ የሚያፈርስ ነገር አልነበረም።

ወደ ዓባይ ሸለቆ ስንመጣ፣ ማስረጃው ከባሕር ዳር በደጀን በኩል አዲስ አበባ የተጓዘ ሰው ሁሉ በዓይኑ ያየው ነው። ከደጀን ቁልቁል ሲወረድ መጀመሪያ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ አለት፣ ባሳልት፣ አለ፤ ከሥሩ ነጣ ያለው የኖራ ድንጋይ፣ ቀጥሎ የጂፕሰም ንጣፎች፣ ወደ ታች ደግሞ ቀላ ያለው የአሸዋ ድንጋይ ይመጣል። ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ጎሃ ጽዮን ሲወጣ እነዚያው ንጣፎች በተገላቢጦሽ ቅደም ተከተል፣ በተቀራራቢ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። መሬቱ እንደ ስምጥ ሸለቆ ተከፍቶ ቢሆን ኖሮ የመካከሉ ክፍል ሰምጦ፣ በፎልት ተቆርጦ፣ አሸዋ ድንጋዩ ከታች መታየቱ ቀርቶ የላይኛው ባሳልት በሸለቆው ወለል ላይ በተገኘ ነበር። በዓባይ ሸለቆ እዚህም እዚያም ፎልቶች ቢኖሩም፣ 1,500 ሜትር ያህል የሚጠልቀውን ይህን ገደል የቆፈረው ወንዙ ነው፤ ደጋው ቀስ በቀስ ከፍ ሲል ዓባይ ወደ ታች እየቆረጠ በሚሊዮኖች በሚቆጠሩ ዓመታት ያወጣው ሸለቆ ነው። ካርታ ላይ ረጅምና ጥልቅ ሆኖ መታየቱ ስንጥቅ አያደርገውም፤ ማግማ የሚጓዝበትም መንገድ አይደለም።

ስለ ጣና አፈጣጠር የተጻፈው ከሌላው ይልቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ በከፊል እውነት አለበትና። ሦስት የሰመጡ መሬቶች፣ የጎንደር፣ የደብረ ታቦርና የደንገል በር፣ በሐይቁ አካባቢ እንደሚገናኙ ጂኦሎጂስቶች ጽፈዋል። በተፋሰሱ ውስጥ ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ታላላቅ ፍንዳታዎች እንደነበሩና መሬቱም ያኔ እንደሰመጠ የሚያሳይ ጥናትም አለ። እንግዲህ ጸሐፊው ከሜዳ ተነሥተው አልተናገሩም። የዘነጉት ዕድሜውን ነው። ያ የሆነው የኢትዮጵያን ደጋ የሸፈነው ታላቁ የባሳልት ጎርፍ በፈሰሰበት ዘመን፣ ዛሬ በአዋሽ በኩል የምናውቀው ስምጥ ሸለቆ ገና ሳይከፈት ነው። ከዚያ በኋላ ፎልቶቹ በተወሰነ ደረጃ እንደገና ተንቀሳቅሰዋል፤ ከሐይቁ በስተደቡብም በጂኦሎጂ አቆጣጠር ቅርብ በሚባል ዘመን ባሳልት ፈስሷል። ከባሕር ዳር ወደ ጢስ ዓባይ ሲኬድ በየማሳው የተበተነውና በየቤቱ መሠረትና አጥር ላይ የምናየው፣ ጋዝ ሲያመልጥ የተወው ቀዳዳ የሞላበት ጥቁር ድንጋይ ያ ነው። ያው ፍሰት የውሃውን መውጫ በደቡብ በኩል ገድቦ ሐይቁን ይዞታል፤ ፏፏቴው የሚወርደውም በእርሱ ጠርዝ ላይ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ያለው ጣና የእሳተ ገሞራ አፍ ሳይሆን፣ በሰመጠ ሰፊ መሬት ላይ በላቫ ግድብ የተያዘ ጥልቀት የሌለው ውሃ ነው። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን፣ ጥልቁ ቦታው 14 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያለው ሻላ ከ250 ሜትር በላይ ይጠልቃል። የእሳተ ገሞራ አፍ ሐይቅ ማየት የሚፈልግ ሰው እንጅባራ አጠገብ ዘንገናን ይመልከት፤ ክብ፣ ጠባብ፣ ዳሩ ቀጥ ያለ ነው።

«ሐይቁ ተውጦ ያውቃል» የሚለውም እንዲሁ ነው። ጣና ከ16,000 ዓመታት በፊት ገደማ በእርግጥ ደርቆ ነበር፤ ይህም ከሐይቁ ወለል በተወሰደ ደለል ታውቋል፤ ከደረቀው ወለል በላይ የረግረግ እጽዋት ቅሪት፣ ከዚያም በላይ ሐይቁ ሲመለስ የተነጠፈ ጭቃ ይገኛል። ያደረቀው ግን የዝናብ መጥፋት ነው። በዚያው ዘመን ቪክቶሪያ ሐይቅም ደርቋል፤ አንድ ስንጥቅ ሁለቱን ሊውጥ አይችልም።

በጽሑፉ ሰውን ይበልጥ ያስደነገጠው በፎገራና በከተማው ዙሪያ የታዩት የመሬት መሰነጣጠቆች ናቸው፤ ሰው በዓይኑ የሚያያቸው ስለሆኑ ነው። እነዚህ ስንጥቆች አሉ፤ በየዓመቱም አሉ። የፎገራ ሜዳና የባሕር ዳር ብዙ ሰፈሮች የተቀመጡበት ዋልካ አፈር በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰበሰባል። በመጋቢትና በሚያዝያ ክንድ የሚያስገባና የከብት እግር የሚይዝ ስንጥቅ ይከፈታል። ይህን ከፎልት ስንጥቅ መለየት ከባድ አይደለም። የዋልካ ስንጥቅ እንደ መረብ ነው፤ አንዱ ከሌላው ጋር እየተገናኘ ማዕዘን ማዕዘን ያለው ቅርጽ ይሠራል። ከላይ ሰፊ ሆኖ ወደ ታች እየጠበበ፣ አፈሩ ሲያልቅ ያልቃል፤ ከሥሩ ያለውን ባሳልት አይነካም፤ ግራና ቀኙም እኩል ከፍታ ላይ ነው። ሐምሌ ሲገባ ደግሞ ይዘጋል። በፈንታሌ የታዩት ስንጥቆች ግን ረጅም ርቀት በአንድ አቅጣጫ ቀጥ ብለው የሄዱ፣ እርሻ፣ አስፋልትና ቤት ሳይለዩ የቆረጡ ናቸው፤ በእንደዚህ ዓይነት ስንጥቅ አንዱ ወገን ከሌላው ዝቅ ብሎ ሊገኝ ይችላል፤ ዝናብ ቢዘንብም መልሶ አይገጥምም።

የቤቶቹ ግድግዳ መሰንጠቅም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ዋልካው በሚገባ ተቆፍሮ ወጥቶ በሰሌክት፣ ማለትም በማያብጥ የተመረጠ አፈር፣ ሳይተካ መሠረት የተጣለበት ቤት፣ ክረምትና በጋ ከሥሩ ያለው አፈር ከፍና ዝቅ ሲያደርገው፣ ከመስኮት ማዕዘን ተነሥቶ በብሎኬቱ መጋጠሚያ እንደ ደረጃ የሚወርድ ስንጥቅ ያወጣል። ቤቱ የተሰነጠቀበት ሰው በስንጥቁ ጫፍ ላይ በእርሳስ አጭር መስመር አስምሮ ቀኑን ይጻፍበት፤ ወርዱንም በማስመሪያ ለክቶ ይመዝግብ። በበጋ ሰፍቶ በክረምት የሚጠብ ከሆነ ጉዳዩ የመሠረቱና የውሃ መፋሰሻው ነው፤ ሊጠገንም ይችላል።

የዋንዛዬ ፍል ውሃ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ዝናብ በስብራት ገብቶ ወደ ጥልቀት ሲወርድ፣ በተለመደው ሁኔታ በየኪሎ ሜትሩ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሚጨምረውን የመሬት ሙቀት ይዞ በሌላ ስብራት ይመለሳል። ይህ በሥፍራው ውሃ የሚያስተላልፍ የቆየ ስብራት መኖሩን ያሳያል እንጂ አዲስ ማግማ ደርሷል አያሰኝም። ሰው በዋንዛዬ ሲታጠብ የኖረው ከትውልድ ትውልድ ነው።

የሕዳሴ ግድብን ጉዳይ ጸሐፊው ያነሡት በእርግጠኝነት ነው፤ እኔም በእርግጠኝነት እመልሳለሁ። ግድብ መንቀጥቀጥ ሊቀሰቅስ እንደሚችል የታወቀ ነው። በሕንድ የኮይና ግድብ እ.ኤ.አ. በ1962 ውሃ መያዝ ጀምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1967 ከግድቡ አጠገብ 6.3 የሆነ መንቀጥቀጥ ደርሶ ሰው ጨርሷል። ምክንያቱ የውሃው ክብደት ብቻ አይደለም፤ ውሃው በአለቱ ቀዳዳዎችና ስንጥቆች ገብቶ ሲጫን ፎልቱን አጥብቆ የያዘውን ኃይል ያላላል። ነገር ግን ይህ የሚሆነው በሰው ሠራሽ ሐይቁ ሥርና ዙሪያ፣ ቢበዛ በጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮች ውስጥ ነው። ግድቡ ካለበት ከጉባ እስከ ፈንታሌ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በዚያ ርቀት 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃም ቢሆን የሚጨምረው ጫና ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ ውሃውም በአለት ውስጥ ያን ያህል አይሄድም። የ1953ቱ የካራ ቆሬ፣ የ1961ዱ የሰርዶና የ1998ቱ የዳባሁ መንቀጥቀጦች ሲደርሱ ደግሞ ግድቡ አልነበረም። ግድቡ በራሱ አካባቢ በቋሚነት በመሣሪያ መታየት አለበት፤ ይህን የሚጠይቅ ሰው ቢኖር አብሬው እጠይቃለሁ።

ከጽሑፉ ሁሉ አደገኛ ሆኖ ያገኘሁት ግን ትናንሾቹ ንዝረቶች ኃይሉን አውጥተውታል የሚለው ነው፤ ይህ ስጋት ሳይሆን የሐሰት ማጽናኛ ነው። በመለኪያው አንድ ነጥብ ሲጨምር የሚለቀቀው ኃይል 32 እጥፍ ያህል ያድጋል። አንድ 6.0 መንቀጥቀጥ የሚለቅቀውን ለመተካት 1,000 ያህል 4.0 የሆኑ መንቀጥቀጦች ያስፈልጋሉ፤ በተፈጥሮ ግን ትናንሾቹ ያን ያህል አይበዙም፤ መጠኑ በአንድ ነጥብ ሲቀንስ ቁጥራቸው የሚጨምረው በ10 እጥፍ ገደማ ብቻ ነውና። የአዋሹ ሰንሰለት ራሱ ምስክር ነው፤ መስከረም 26 ቀን 2017 ዓ.ም. 4.9፣ በታኅሣሥ 5.7፣ በየካቲት 6.0። በጸሐፊው ስሌት መቀነስ ሲገባው ጨምሯል። አንድ ዋና መንቀጥቀጥ ደርሶ የኋላ ንዝረቶቹ በቀናትና በሳምንታት ውስጥ በሥርዓት እየሳሱ የሚሄዱበት ሁኔታ አለ፤ ማግማ የሚነዳው ሰንሰለት ግን ያን ሥርዓት አይከተልም፤ ማግማው እስከተንቀሳቀሰ ድረስ ሊያገረሽ ይችላል። በመተሐራ ወይም በአዋሽ ያለ ሰው በዚህ ጽሑፍ ተማምኖ ወደተሰነጠቀ ቤት ቢገባ ምን ሊደርስበት እንደሚችል ጸሐፊው እንዲያስቡበት እለምናቸዋለሁ።

ጽሑፉ «በአንድ ዓመት ውስጥ» ብሎ ለጣና የሰጠው ቀነ ቀጠሮ መልስ አያሻውም፤ የመንቀጥቀጥን ቀንና ቦታ አስቀድሞ የሚናገር ዘዴ በዓለም ላይ የለም።

አንድ ነገር ግን ከጽሑፉ እቀበላለሁ፤ የባሕር ዳር ሕንፃዎች ጉዳይ። ምክንያቴ ከእርሳቸው ይለያል። የጣና ተፋሰስ ፎልቶች ያረጁ ቢሆኑም ሞተዋል ሊባሉ አይችሉም፤ መጠነኛ መንቀጥቀጥ በደጋው ላይም ሊደርስ ይችላል። ለስላሳ የሐይቅ ዳር አፈር ደግሞ ንዝረትን ያጎላል። እ.ኤ.አ. በ1985 ሜክሲኮ ሲቲ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በደረሰ መንቀጥቀጥ የፈራረሰችው በደረቀ ሐይቅ ጭቃ ላይ በመሠራቷ ነው። ያ 8.0 ነበር፤ በስምጥ ሸለቆአችን ከተመዘገቡት ትላልቆች እጅግ የሚበልጥ ኃይል ያለው። ስለዚህ የሜክሲኮ ዕጣ ይደርሰናል እያልኩ አይደለም፤ አፈሩ ለውጥ እንደሚያመጣ ግን ከዚያ የበለጠ ማስረጃ የለም።

በከተማችን በየጊዜው በሚነሡት ፎቆች ላይ የሚታየኝ ጉድለት ይህ ነው። የታችኛው ወለል ለሱቅ ተብሎ ያለ ግድግዳ በኮለን ብቻ ይቆማል፤ ከላይ ያሉት ወለሎች ደግሞ በብሎኬት የተሞሉና ከባድ ናቸው። ንዝረት ሲመጣ ወዲያና ወዲህ የሚለው ያ ደካማ የታችኛው ወለል ነው። ኮለኑ እንዳይፈርስ የሚይዘው ፌሮው ብቻ አይደለም፤ ፌሮውን የሚያቅፈው ስታፋ ነው፤ በተለይ ኮለኑ ከቢሙ ጋር በሚገናኝበት ከላይና ከታች ስታፋው ተቀራርቦ መታሰር፣ ጫፉም ወደ ውስጥ መታጠፍ አለበት። ብዙ ጊዜ ግን ከላይ እስከ ታች በእኩል ርቀት ተራርቆ፣ ጫፉም በቀጥታ ማዕዘን ብቻ ታጥፎ ይታሰራል። የሀገሪቱ የሕንፃ ደንብ ይህን የሚመለከት ክፍል አለው፤ ዲዛይኑ ላይ ተጽፎ ሳይት ላይ የሚቀርበት ጊዜ ግን ጥቂት አይደለም። ኮንክሪት ከተሞላበት በኋላ ማንም አያየውም፤ ስለዚህ ተቆጣጣሪው መምጣት ያለበት ኮለኑ ከመሞላቱ በፊት ነው፤ ባለቤቱም መጠየቅ ያለበት ያኔ ነው።

ጸሐፊው ይህን ጉዳይ በአንድ አጭር አንቀጽ አልፈውታል። ጽሑፋቸውን በድጋሚ የሚያዘጋጁት ከሆነ ያን አንቀጽ እንዲያሰፉት፣ ቤት ሸጦ ስለ መራቅ የሰጡትን ምክር ግን እንዲያወጡት በአክብሮት እጠይቃለሁ፤ ምክሩን አምነው የሐይቅ ዳር ቤታቸውን በወረደ ዋጋ ለመሸጥ ደላላ የጠሩ ሰዎች አሉና።